በእትዬ አልማዝ በር ልክ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ የባሕር ዛፍ እንጨት ይዞ መቆም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የዋልኩበት ዓመት ነው። አባባ በአንድ ቲያትር ቤት የመድረክ አናጺ ነበር። ጡረታ ሲወጣ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ግቢ ተከራየና የሱቅ ማስታወቂያ፣ የባዛር ማሳያ፣ የሠርግ መድረክ፣ ብቻ ሰው ያሰበውን ሁሉ በእንጨትና በብረት መሥራት ጀመረ። "ትርሲት፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ፤ ሱሪ ልበሺ" አለኝ። እኔ ሥዕል ልስል ነው ብዬ ብሩሾቼን ይዤ ሄድኩ።

አባባ እንጨቱን ከግቢው በር ላይ አጋደመው። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን እሱ። ከግራው የድንጋይ ምሰሶ እስከ ቀኙ ምሰሶ ለካና ሁለት ጣት አሳንሶ በመጋዝ ቆረጠው። ሁለት ሜትር ከአርባ አይሞላም። ከዚያ "ጫፎቹን ቀይ ቀቢልኝ" አለ። ብሩሼ በዚያ ቀን የነካው ሥራ ይኸው ነው።

"ከዚህ የሚበልጥ ነገር እዚህ ቤት አይሠራም" አለኝ። "የሚበልጥ ከሆነ ተቆርጦ ይሠራል።"

ለካ ባለፈው ሳምንት ለአንድ ፎቶ ቤት የሠራው ሰሌዳ በበሩ አልወጣ ብሎ፣ ባለ ፎቶ ቤቱ ቆሞ እያየ ለሁለት ሰንጥቆት ነበር። አባባ አፍሮ ነበር። ያቺን እፍረት ዳግመኛ ላለማየት ነው እንጨቱን የቆረጠው።

የግቢው ባለቤት እትዬ አልማዝ ይባላሉ። አንድ ቀን አባባ ራሱ በገዛ ወጪው በሩን ሊያሰፋላቸው ጠየቃቸው። ምሰሶውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው "ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ በእጁ የገነባው ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ አንዲት ድንጋይ አትነቃነቅም" አሉ። አባባ ወደ መጋዙ ተመለሰ። እኔ ግን ቅጥል አልኩ። የሞተ ሰው የገነባው ምሰሶ የቆመ ሰው ሥራ ያስቆርጣል? ይህን ጥያቄ ለአሥራ ስምንት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ።

ቤተሰቡ ቀስ በቀስ ሁሉም ሥራው ውስጥ ገባ። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ቴክኒክና ሙያ ተምሮ ብየዳውን ያዘ። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ፋይበር ግላስ ስንጀምር እንደ ጨርቅ የሚዘረጋውን የፋይበር ምንጣፍ በልብስ መቀሷ እጅጌ እንደምትቆርጥ አድርጋ ትቆርጠው ነበር። አንድም እጥፋት አይገኝበትም። እኔ ቅርጽ ማውጣቱንና ቀለሙን ያዝኩ።

ሁለት የተቆረጡ ነገሮች የሚገጥሙበትን መስመር "ስፌት" ብላ የሰየመችው እማዬ ናት። ማንኛውም ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ስፌቱ የት ይሁን?" የሚል ነበር። ደንበኛው ስለ ቀለም ያወራል፣ እኛ ስፌት እንፈልጋለን። ፈረስ ከሆነ ጋማው ሥር እንደብቀዋለን። ጫማ ከሆነ ከሶሉ በላይ። ጠርሙስ ከሆነ ላዩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ጠርዝ ላይ። መደበቂያ የሌለው ሥራ ሲመጣ አባባ ባለ ቀይ ጫፉን እንጨት ያነሳና "ይቅርብን" ይላል። ስንቱን ሥራ በዚያ እንጨት መለስን መሰላችሁ።

ከዚያ ቲማቲሙ መጣ።

ያመጣው ሳምሶን የሚባል የኤቨንት አዘጋጅ ነው። ለድርጅቶች አውደ ርዕይ ያዘጋጃል፤ እሱ ይዋዋላል፣ እኛ እንሠራለን። የቲማቲም ድልህ የሚያመርት ፋብሪካ ማሳያው ፊት የሚቆም ግዙፍ ቲማቲም ፈልጎ ነበር፤ ወርዱ ሦስት ሜትር።

"ትርሲትዬ፣ ሰው ገና ከበር ሲገባ ዋው እንዲል ነው የምንፈልገው" አለኝ።

"ሳምሶን፣ በራችንን ታውቀዋለህ። ይቆረጣል።"

"ቁረጡታ! ማን ያየዋል?"

ቲማቲም ጋማ የለውም። ሶል የለውም። ድፍን ክብ ነው፣ የሚያብረቀርቅ። እትዬ አልማዝ ጋ ገባሁና አንዱን ምሰሶ ለግማሽ ቀን ብቻ እንድናነሳው፣ ድንጋዮቹን ቁጥር ጽፌባቸው እንደነበሩ እንድንመልሳቸው ለመንኳቸው። ጎንበስ ብዬ ነው የለመንኳቸው። "ልጄ፣ አሁንስ አበዛሽው" አሉኝ። በቃ። እንደ ሰላጣ አራት ቦታ ቆረጥነው።

ግቢው ውስጥ ገጥመን ስናየው ያምራል። አውደ ርዕዩ የሚካሄድበት ሜዳ ላይ ወስደን ገጠምነው፣ ስፌቱን በስቱኮ ደፈንን፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸን፣ ቀባን። ሳምሶን ለመድረቂያ ሁለት ቀን ስጠን ብንለው አንድ ቀን ነው የሰጠን። በማግስቱ ከሰዓት የመጣው ፀሐይ ስቱኮውን ሰነጠቀው። ከቅጠሉ እስከ ታች አንድ መስመር ወረደ።

የፋብሪካው ባለቤት አዩት። ሳምሶን አጠገባቸው ቆሟል። እኔ ብሩሽ ይዤ ከሦስት እርምጃ አልራቅሁም።

"ምን ይደረግ" አላቸው ሳምሶን፤ "የአገር ውስጥ ሥራ ይኸው ነው።"

ደሜ ፈላ። ቁረጡ ያለው እሱ፣ መድረቂያ የከለከለው እሱ፣ ጥፋቱ ግን የአገር ሆነ! እማዬ በመቀስ ያለ አንዲት እጥፋት የቆረጠችው ፋይበር፣ ዳዊት ውስጡን በቶንዲኖ ብረት እንደ ቅርጫት የሠራው አጥንት፣ ሁሉም በአንድ ቃል አፈር ገባ። መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ፤ አባባ ክንዴን ያዘኝ። "ደንበኛ ፊት አይሆንም" አለኝ። ዛሬም ድረስ ያኔ አለመናገሬ ይቆጨኛል።

በዓመቱ ቲማቲሙ ከውጭ አገር ታዘዘ። ያወቅሁትም ሳምሶን ሲደውልልኝ ነው።

"ትርሲትዬ፣ ትንሽ ፊኒሺንግ አለች። ነይልኝ።"

ከዳዊት ጋር ሄድን። ሜዳው ላይ ስድስት የእንጨት ሣጥን ተደርድሯል። ከፈትናቸው። ቲማቲሙ ስድስት ቦታ ተቆርጦ፣ በቡሎን የሚታሰር ሆኖ ነው የመጣው። ስናስረው ስፌቱ ትንሿን ጣቴን ያስገባል። እኛ በአራት ስለቆረጥነው ስማችን የጠፋውን ነገር እነሱ በስድስት ቆርጠው ልከውታል!

"ሳምሶን፣ ይሄስ ስፌት የለውም?" አልኩት።

"እሱ ሌላ ነው፣ ሞዱላር ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

እኛ ስንቆርጠው ስንጥቅ ነው፣ ሰው አገር ሲቆረጥ ሞዱላር ይባላል። ዳዊት እስኪያነባ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ስፌት ሁሉ በእጄ ደፈንኩት፣ አሸሁት፣ ቀለሙን አመሳስዬ ቀባሁት። ቀለም መዝኖ ማመሳሰል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንዱን ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር አንድ ለማድረግ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። በዚህ ጊዜ ግን ሳምሶን የመድረቂያውን ሁለት ቀን ሙሉ ሰጠን። ለውጭ ሥራ ጊዜ አለዋ!

በመክፈቻው ዕለት ሰው ተሰብስቦ ያያል። አንዱ እንግዳ ለባለቤቱ "የውጭ ሥራ ያስታውቃል" አላቸው። እጁን የዘረጋው ልክ እኔ በስቱኮ የደፈንኩት ቦታ ላይ ነበር።

ቤት ስገባ አባባን "የራሳችን ዎርክሾፕ ያስፈልገናል" አልኩት። "አንድ ያልተቆረጠ ነገር ሳልሠራ አልሞትም።" አባባ "እሺ" አለ።

የሥራ ፈቃዱ ራሱ ጉድ ነበር። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ፎርሙን ይዞ "እናንተ ምንድን ናችሁ?" አለን። "እንጨት ሥራ ናችሁ? ብረት ሥራ? ፕላስቲክ? ወይስ ሠዓሊ?" አባባ "አራቱንም" ቢለው "አራት ሆናችሁ አትመዘገቡም፤ አንዱን ምረጡ" አለ። ለአንድ ወር ተመላለስን። በሥራችን ያላፈርን ሰዎች በሥራችን ስም አፈርን። በመጨረሻ "እንጨትና ብረታ ብረት" ተብለን ወጣን። እማዬ ስሟ የትም የለም። በዚህም ተናድጃለሁ፤ እሷ ግን "መቀሴን አልወሰዱብኝ" ብላ ተወችው።

ሀና ማርያም፣ ከቤተክርስቲያኑ ወረድ ብሎ አሮጌ ቤት ያለበት ቦታ ገዛን። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ቤተሰባቸው አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት እዚያ ያርስ ነበር፤ እርሳቸው አሁን ክፍል ያከራያሉ፣ ሦስት ላሞችም አሏቸው። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ተደግፈው ግንባታችንን ያዩ ነበር።

እትዬ አልማዝን ስንሰናበት እንባቸው መጣ። እኔ ግን ምሰሶውን ሳልገላምጥ አልወጣሁም።

በቦታው ላይ የምንገነባው የሥራ አዳራሽ ላይ ያላሰብነው ነገር የለም ብለን ነበር። ዳዊት መሀል ላይ አንድም ምሰሶ ሳይተክል ጣራውን በራሱ ብየዳ አቆመው፤ ከፍታው ሁለት ፎቅ ያህላል። እማዬ ምንጣፉን ሙሉውን የምትዘረጋበት ረጅም ጠረጴዛ ጠየቀች፣ ተሠራላት። እኔ ቀለሙ በትክክል እንዲታየኝ በሰሜን በኩል መስኮት አስከፈትኩ። አባባ የመጋዙን ቦታ ሦስት ጊዜ አስቀየረ።

አዳራሹ ወደ መንገዱ የሚያወጣ አንድ ትልቅ በር ነው ያለው። ብሎኬቱ ወገብ ጋ ሲደርስ ግንበኛው "የበሩ ወርድ ስንት ይሁን?" ብሎ ጠየቀ። እኛ ከመኪና ላይ ብረት እያወረድን ነበር። አባባ ዞር ሳይል "ትርሲት፣ እንጨቱን አምጪለት" አለኝ።

አመጣሁለት። ባለ ቀይ ጫፉን። ቀለሙን እያደስኩ የያዝኩት እኔው ነበርኩ። ግንበኛው አጋድሞ ለካ፣ ሁለት ጣት ጨመረ፣ ምልክት አደረገ። አራት ሰው ቆመን አየነው። ብረታችንን ወደ ማውረዱ ተመለስን። ሜትር ለካን ሳይሆን ልማድ ለካን፤ ያኔ ግን ማን አወቀ!

ኦቦ ገመቹ ከአጥራቸው ማዶ ተጣሩ።

"ልጄ፣ ይቺ በር ለማን ናት?"

"ለእኛ ናት እንጂ ኦቦ!"

"ጭድ የጫነ ጋሪ አታስገባም።"

"እኛ ጭድ አንጭንም!" አልናቸው። ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ወደ ላሞቻቸው ሄዱ።

ገብተን ሥራ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዎች ትንንሽ ስለነበሩ በሩ ማንንም አላስቸገረም። አንድ ቀን ሳምሶን ራሱ መጣ። የውጭው ቲማቲም ቀለሙ ነጥቷል፣ ቡሎኖቹ ዝገዋል፤ ፋብሪካው አዲስ ይፈልጋል።

"እሠራልሃለሁ" አልኩት፤ "ግን አይቆረጥም። አንድ ሆኖ ይወጣል፣ አንድ ሆኖ ይቆማል።"

"አንቺ ደግሞ፣ ማን ቁረጪ አለሽ?" አለኝ። ማን ቁረጪ አለሽ! ምራቄን ዋጥ አድርጌ ሥራዬን ጀመርኩ።

ዳዊት አጥንቱን በየደ። ፎም አለበስነው። እኔ በመጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ክቡን አወጣሁ፣ ቲማቲም ትከሻው ላይ ያለችውን ጎድጎድ ያለች ቦታ ሳይቀር። እማዬ ፋይበሩን ሦስት ጊዜ አለበሰችው። ቀለሙን ቀብቼ፣ አሽቼ፣ መልሼ ቀባሁ። ሲያልቅ እማዬ ዙሪያውን ዞረች፣ በጣቷ እየዳበሰች። "ስፌት የሌለው ነገር በሕይወቴ ያየሁት ዛሬ ነው" አለች። አባባ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ አለቀስኩ።

የማስረከቢያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው ደረሰ። ሳምሶን ከኋላው በራሱ መኪና መጣ። ቲማቲሙን ጎማ ያለው የእንጨት አልጋ ላይ አድርገን እየገፋን ወደ በሩ ሄድን። በሩ ጋ ቆመ።

መለካት አላስፈለገም። እንጨቱ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ ሁላችንም ወደ እሱ አየን።

ሦስት ሜትር ቲማቲም፣ ሁለት ሜትር ከአርባ በር። የራሳችን ቦታ፣ የራሳችን ግንብ፣ የራሳችን በር!

"ምን ሆናችሁ?" አለ ሳምሶን። ከዚያ ገባው። "ቁረጡታ! እዚያ ስትደርሱ ትገጥሙታላችሁ። አራት ሰዓት ላይ ጋዜጠኞች ይመጣሉ!"

ዳዊት ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ሥራ ከጀመረ ጀምሮ እንዲህ ሲሆን የሚያደርገውን ያውቃል። ግራይንደሩን አንስቶ ገመዱን ሰክቶ ነበር።

የሚያናድደኝን ሰው ፈለግሁ። እትዬ አልማዝ መካኒሳ ናቸው፤ ምሰሷቸውም እዚያው ነው። ሳምሶንን ልቆጣው ብል ይህን በር የሠራው እሱ አይደለም። እንጨቱን ለግንበኛው ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

"ዳዊት፣ ያን ነገር ቲማቲሙን ካስነካኸው እህት የለህም!"

"ታዲያ ምኑን ልቁረጥ፣ እታለም?"

"በሩን!"

ሳምሶን "አብዳችኋል" አለ። "አዲስ ግንብ ነው እኮ!"

አባባ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትልቁን መዶሻ አነሳ። "የለካሁት እኔ ነኝ" አለ፤ "ዞር በሉ።"

ዳዊት ከላይ ያለው አርማታ እንዳይወርድ በብረት ደገፈው፣ የበሩን መቃንም በግራይንደር ቆረጠው። የመጀመሪያውን ብሎኬት አባባ መታው። አቧራው ሲነሳ ኦቦ ገመቹ ድጅኗቸውን ይዘው መጡ። "ብያችሁ ነበር" አሉ፣ አንዴ ብቻ፤ ከዚያ እየፈነቀሉ ያግዙን ጀመር። እማዬ አቧራ እንዳይነካው ቲማቲሙን በአንሶላዎቿ ሁሉ ሸፈነችው። ሳምሶን መንገድ ላይ ቆሞ በስልክ ሰው ይለምናል። ሦስት ሰዓት ተኩል አለፈ፣ አራት ሰዓትም አለፈ። ቲማቲሙ ወጣ። ጎኑን አልተጫረም።

አርፍደን ደረስን። ፀጉሬ ላይ ሲሚንቶ ነበር። አንሶላዎቹን ስናነሳ የፋብሪካው ባለቤት መጡ። አንድ ጊዜ ዞሩት። ደግመው ዞሩት፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩም አዩ። የሚፈልጉትን አውቄዋለሁ።

"ሳምሶን፣ ይሄ ከየት ነው የመጣው?"

ሳምሶን ጉሮሮውን ጠረገ። አባባ በዚህ ጊዜ ክንዴን አልያዘኝም።

"ከሀና ማርያም" አልኳቸው።

"የውጭ ነው የሚመስለው" አሉኝ። ማመስገናቸው ነበር፣ አውቃለሁ። አላመሰገንኳቸውም።

"የውጭው ስፌት ነበረው፣ ጌታዬ። የደፈንኩት እኔ ነኝ።"

ሳምሶንን አዩት። ሳምሶን መሬት አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ሲኖራቸው በቀጥታ ወደ እኛ ይደውላሉ።

በሩ አሁን አምስት ሜትር ነው። ጭድ የጫነ ጋሪ ይገባል፤ ኦቦ ገመቹ አንድ ቀን ጋሪያቸውን ነድተው ገብተው አረጋግጠዋል። እንጨቱን አባባ በመጋዝ ቆርጦ ከእማዬ ጠረጴዛ ሥር ድጋፍ አደረገው። አንደኛው ቀይ ጫፍ አሁንም ይታያል።

ዎርክሾፕ ለመሥራት ያሰባችሁ ልጆች እየመጣችሁ ምን እናስቀድም ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ ልትሠሩት የምትፈልጉትን ትልቁን ነገር ለኩ። በሩን ከዚያ በኋላ ገንቡ።